በመጨረሻው ገጽ የተመረጠው መጽሐፍ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል ወይስ ተወሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ እህል ይወርድላታል? ግራ እጇን ማንቀሳቀስ ጀመረች? ባለቤትሽ ጋሼስ ደኅና ነው? ልጅሽስ መንጃ ፈቃዱን አገኘ ወይስ አሁንም አጥር እየገጨ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናችን ደኅና ነው። ይህን ሰላምታ ከልቤ እንደ ወጣ ቁጠሪልኝ፤ ከዚህ በታች የምታነቢው ግን ቁጣ ነውና። ይብረድልኝ ብዬ ብዕር ሳላነሳ ሰነበትኩ። አልበረደልኝም፣ እንዲያውም ባሰብኝ።

የላክሽልን የመጻሕፍት ካርቶን ደርሶናል። ነገሩም ከእሱ ነው የሚጀምረው። ሹፌሩ ደረጃው ላይ ሲያስቀምጠው ልጄ ከሁላችን ቀድማ ደርሳ ገመዱን በጥርሷ ልትፈታ ስትታገል አገኘኋት። እማዬ ገና በሕፃንነቷ አይታት «ፌንጣ» ብላ የሰየመቻት በከንቱ አይደለም፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም። በየሽፋኑ ላይ የቤተ ክርስቲያናችሁ ማኅተም «ለልጆች የተፈቀደ» ይላል፣ ከሥሩም ያንቺ ፊርማ አለበት። የእትዬ ፊርማ ካለበት ደግሞ ምኑ ይመረመራል ብዬ ሳልገልጠው ሰጠኋት።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ መጽሐፍ ስለ ስኳር ሌባዋ ልጅ ነው። ልጅቱ ከመሳቢያ ስኳር ሰርቃ ትበላለች፣ ስትጠየቅ አልበላሁም ትላለች፣ በማግስቱ አያቷ አልጋ ላይ ይወድቃሉ። ልጅቱ ዝም ባለች ቁጥር አያትየው ይብስባቸዋል። ሠዓሊውም አልማረንም፤ ገጽ በተገለጠ ቁጥር የአሮጊቷ ጉንጭ እየጎደለ ይሄዳል። በመጨረሻው ገጽ ልጅቱ ተንበርክካ ጥፋቷን ስትናገር አያት ከአልጋቸው ብድግ ይላሉ፣ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጸልያሉ። አለቀ። እናንተም ይቺን ገጽ አይታችሁ ማኅተም መታችሁበት።

አሁን እኛ ቤት የሆነውን ስሚ። እማዬ፣ በሽታው ግማሽ አካሏን ከመያዙ ጥቂት ቀናት ቀደም ብላ፣ ስልክ ደውላ ነበር። ፌንጣ ጨዋታ ላይ ስለነበረች ለእናቷ «ተኝታለች በያት» አለቻት፣ ባለቤቴም ስቃ እንደዚያው አለች። ይኸው ነው ወንጀሉ። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። ልጅቱ መጽሐፉን አንብባ በጨረሰች ማግስት ቁርስ ላይ እያለቀሰች ነገረችኝ። አቅፌ ሳምኳት፣ ምንም አይደለም አልኳት። እንዲያውም እውነት መናገር አስተማረልኝ ብዬ አንቺን ላመሰግን ነበር፤ ቂልነቴን ተመልከቺልኝ።

ከዚያ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ልጄ የጓደኛዋን መቀስ ሰርቄያለሁ ብላ በራሷ ጊዜ መጥታ ተናግራለች። መቀሱ ሲፈለግ ከጓደኛዋ ከራሷ ቦርሳ ወጣ። አስተማሪዋ ግራ ገብቷት እኔን ታየኛለች፣ እኔ ደግሞ እሷን። ገና ከዚያ ሳላገግም ከቤታችን ሥር ሱቅ ያለው ጫማ ሰፊ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ። የሱቁን መስኮት ነፋስ ሲሰብረው እኔና እሱ አብረን ቆመን ያየነው ነው። ልጄ ግን ሄዳ እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላዋለች። ሰውየው ቀልደኛ ነው፣ በሰው ሁሉ ይሥቃል፤ ያን ቀን ግን አልሣቀም። «ልጅህ ያልሠራችውን ጥፋት እየለቀመች ነው፣ ምን አግኝቷት ነው?» አለኝ።

ወደ ቤት ገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ምን ሆነሽ ነው፣ ለምን ያላደረግሽውን አደረግሁ ትያለሽ አልኳት። የሹራቧን ክር እየመዘዘች እንዲህ አለች፦

«የራሴ አለቀብኝ። አያቴ ግን አልተነሳችም።»

እትዬ፣ ገባሽ? ያላትን ጥፋት ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። የጨርቅ አሻንጉሊት መደበቋን፣ ወተት መድፋቷን፣ እናቷን በሆዷ መስደቧን፣ ሁሉንም። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቴ ተነሳች ወይ ብላ ትጠይቀናለች፣ እኛም ገና ናት፣ ትነሳለች እንላታለን። እሷ ታዲያ የጎደለኝ አንድ ጥፋት ይኖራል ብላ ከሰው ጥፋት መበደር ጀመረች። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው ያለውን በሽታ ልጄ በሁለት ትከሻዋ ተሸክማ ነው የምትዞረው። ማን አሸከማት? አንቺ ነሽ እትዬ። አንቺና መጽሐፍ መራጭ ኮሚቴሽ።

እንዴት እንደምትመርጡ ያወቅሁት ከሰው ሐሜት አይደለም፣ ራስሽ ነሽ ባለፈው ደብዳቤሽ የጻፍሽልኝ፣ ያውም እየተኩራራሽ። መጽሐፉ ብዙ፣ እኛ ሦስት፣ ስለዚህ ዘዴ አገኘን አልሽኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊዋና አንቺ ትቀመጣላችሁ። የየመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ታነባላችሁ። በንስሐ ወይም በጸሎት ካለቀ ማኅተም፣ ካላለቀ ወደ ውዳቂው። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ሳነብላት እኔም ጎበዞች ናቸው ብዬ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

እኔ የምሠራበት የሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪው ከየክምሩ የላይኛዋን አንሶላ ብቻ ነው የሚያነሳው። ይህን የማያውቅ አንሶላ ተኳሽ የለም። ስለዚህ ከላይ ካውያ በደንብ ያረፈባት አንዷ ትቀመጣለች፣ ከሥሯ የተጨማደደውም እድፍ ያለቀቀውም ይደበቃል። ማታ እዚያ ላይ የሚተኛው እንግዳ ግን በክምሩ አናት ላይ አይደለም የሚተኛው፣ በደረሰው ላይ ነው። ልጆችም እንደዚያው ናቸው። የመጨረሻው ገጽ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ሁሉ እነሱ ይተኙበታል።

ለባለቤቴ የላክሽላትን መንፈሳዊ ልብ ወለድም ጨርሳዋለች። ባልየው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ይጠጣል፣ ይደበድባታል፣ ሚስትየው ትታገሣለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ታገሺ ይላታል። መጨረሻው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ባለቤቴ መጽሐፉን ዘግታ «ሰውየው የተመለሰው ገጹ ስላለቀበት ነው» አለች። ሣቅሁ፤ ግን ይህን መጽሐፍ እናንተ ጋ ለሚመጡ አዲስ ሙሽሮች እንደምትሰጡ ትዝ ሲለኝ ሣቄን ተውኩት።

ደግሞ የሚገርመውን ልንገርሽ። ካርቶኑ ውስጥ ዕቃው እንዳይንገጫገጭ ብለሽ በጎን የወተፍሽው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ሽፋኑ ላይ «አልተፈቀደም» ይላል። ለአንድ ዓይነ ስውር ሸክላ ሠሪ ውኃ ስለሚያመላልስ ልግመኛ አህያ ነው የሚያወራው። አህያው ያኮርፋል፣ መንገድ ላይ ይተኛል፣ ሰውየው ግን አንድም ቀን አይመታውም፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያጫውተዋል። አንድ ቀን ሰውየው ሲታመም አህያው ማንም ሳይነዳው ብቻውን ሄዶ፣ ሰዎች ውኃ ቀድተው ሲጭኑት ይመለሳል። በመጨረሻው ገጽ አህያው ይተኛል። ጸሎት የለም፣ ስለዚህ ወደቀ። እኔና ፌንጣ አብረን አነበብነው። አህያው ሲያኮርፍ ልጄ ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሣቀች። ርኅራኄው ከዳር እስከ ዳር የሞላውን መጽሐፍ መወተፊያ አድርጋችሁ፣ ልጅ የሚያስፈራራውን በማኅተም ትልኩልናላችሁ። ጌታ ስለዚያ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው፣ ማን በድሎ ነው ተብሎ ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሎ የመለሰውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ታዲያ እንዴት አለፈሽ?

ለልጆች መልካም መጽሐፍ መመረጥ የለበትም እያልኩ አይደለም። ይመረጥ፤ ገበያው ላይ ያለውን ጉድ እኔም አያለሁ። ግን የሚመርጥ ሰው ያንብብ። ጊዜ ከሌላችሁ ጥቂት ምረጡ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ፤ የስኳር ሌባዋን መጽሐፍ ከሰንበት ክፍልሽ መደርደሪያ ዛሬውኑ አውርጂ። እናታቸው ስለሞተችባቸው ስለ አናጺው ልጆች ጽፈሽልኝ ነበር፣ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቀመጡት ብለሽ። የእነሱ እናት አልተነሳችም። ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ምን ብለው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት? እስኪ ይህን አስቢልኝ። እኔ ካሰብኩት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። እኔን በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው ስለ አንቺ ይህን ቢናገር አንገቱን ነበር የማንቀው። ግን እትዬ ስለሆንሽ ዝም ልበል ብል ልጄ በምን ዕዳዋ? እኔ አባቷ ብነግራት አታምነኝም። አባባ፣ እንዳላዝን ብለህ ነው ትለኛለች። ማኅተሙን የመታሽው አንቺ ነሽና ቃሉም ካንቺ አፍ ይውጣ። ደውይላት። መጽሐፉ ተሳስቷል፣ እኔም ሳላነብ ነው የላክሁት በያት። እማዬም ቃል ቢቆራረጥባትም ታውቃለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዥላትና ሁለት ቃል ትበላት። ተነሺላት አላልኩም፤ መነሣቱ የእግዚአብሔር ነው። በአንቺ አይደለም የታመምኩት ትበላት፣ ይበቃናል።

ጋሼን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አብሮሽ ያንብበውና ከተቆጣኝ ይቆጣኝ። ልጅሽን መኪናውን እንዲያዘገይ ንገሪልኝ። ባለቤቴ ከልብ ሰላም ብላችኋለች፤ የእሷ ቁጣ ከእኔ ይብሳል፣ ጨዋ ስለሆነች ነው ለእኔ የተወችው። እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ከእኔና ከባለቤቴ ነው በያት። ፌንጣንም ለአያትሽ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብያት ነበር። እርሳሷን አንስታ መልሳ አስቀመጠችውና «ስሜን ስትሰማ ቢብስባትስ?» አለችኝ። ስለዚህ እትዬ፣ በዚህ ደብዳቤ ለእማዬ ከልጄ የተላከ ሰላምታ የለም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለው ቤታችን
ኅዳር ዘጠኝ ቀን