ጭምት ያልነው ልጅ

ጥቅምት 5

ሬዲዮ የምንላት ልጄ የአባቷን አንድ እግር ጫማ የወተት ድስት ውስጥ ከተተችው። ለምን? «ይጠጣ!» ነው መልሷ። ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ መልስ የማታጣበት ነገር የለም። መንትያዋ ጭምቱ ደግሞ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ የልብስ መቆንጠጫ ይደረድራል። እስካሁን ከአፉ አንድ ቃል አልወጣም። እህቱ የሁለቱንም ድርሻ ወስዳ ነው እንላለን... ለአንድ ቤት አንድ ሬዲዮ ይበቃል።

ባሌ ሻዩን ቆሞ ጠጣ። የሚነዳውን አውቶቡስ ካቆመ በኋላ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለው፣ ከዚያ የታመመ መጠየቅ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያማ የሠርግ ኮሚቴ።» በሠላሳ ስድስት ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ካደረጉት ወዲህ እውነትም እያረጀ ነው።

እኔስ ብሆን? ከመድኃኒት ቤቱ ወጥቼ፣ ልጆቹን ከአማቴ ተቀብዬ፣ በቀጥታ ወደ መዘምራን ልምምድ። መሪዋ እኔ ካረፈድኩ ሌላው ሁሉ ያረፍዳል።

ሬዲዮ ዛሬም ወንድሟን ትከሻው ላይ በጥፊ አለችው። በቀን ስንቴ! «አትምቺው አላልኩሽም?» ብዬ ጥግ አስቆምኳት። ምርር ብላ አለቀሰች። ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጣት?

ጥቅምት 7

እሑድ። ከማለዳ ጀምሮ ቆሜ ዘመርኩ፤ ጉሮሮዬ ተልጧል። ጭምቱ ድምፅ ማጉያው ሥር በጋሪው ውስጥ እንቅልፉን ለጥጦ ተኛ። ከበሮው፣ ጊታሩ፣ የኛ ጩኸት... ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። ሴቶቹ ከበው አዩት። «ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው! አንዱን ለኔ ስጪኝ።» «የቱን?» «ይሄን ነዋ፤ ያቺን ማን ይችላታል?»

ሳቅን። ደስ አለኝ። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ፣ ልክ እኔ ያሳደግኩት ጠባይ ይመስል።

ጥቅምት 10

ምንም የለም። ልብስ፣ ሳህን፣ ልምምድ፣ እንቅልፍ።

ጥቅምት 13

እንዴት ልጻፈው...

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበረን። አዲስ ድምፅ ማጉያ መጥቶ ልጁ... ቴክኒሻኑ ማለቴ ነው፣ ምኑን ከምኑ እንዳገናኘው እንጃ፣ ድንገት ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አዳራሹን ሞላው። ሁላችንም ጆሯችንን ይዘን ተቀመጥን። አልቶዋ፣ ወፍራሙን ድምፅ የምትዘምረው፣ የመዝሙር ወረቀቷን በትና ጮኸች። በአዳራሹ የነበሩ ሕፃናት ሁሉ አለቀሱ። ሬዲዮ እየሮጠች መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ገባች።

ጭምቱ ግን ለማጉያው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ የወረቀት ኩባያ ይደረድር ነበር። አልዞረም። አልደነገጠም። እጁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ኩባያውን ቀስ አድርጎ ከሌላው ላይ አስቀመጠ።

ልጆቹን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብተን ከኋላው ቆሜ ጠራሁት። በስሙ። በቁልምጫው። በቁጣ። አጨበጨብኩ። የድስት መክደኛ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩ፤ ጎረቤት «ምን ተሰበረ?» ብላ በመስኮት ጮኸች። እሱ መኪናውን ይገፋል። ያን ጊዜ ሬዲዮ እየተጣደፈች ሄዳ ትከሻውን ጧ! አደረገችው። ዞረ። በጣቷ እኔን አሳየችው። አየኝና ፈገግ አለልኝ።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ እኮ። የሰውን ልጅ ሁሉ «ይበላል? ይተኛል? ይሰማል?» እያልኩ ስጠይቅ እውላለሁ። የራሴን...

ጥቅምት 14

ባሌ አላመነኝም። «ሐሳብ ሲይዘው ነው። እኔም ጋዜጣ ሳነብ ስትጠሪኝ አልሰማም።» አማቴ ጭራሽ ተቆጡ። «አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው! ይኸው ዛሬ መድረክ ላይ ሲወጣ ማን ያስቆመዋል? ልጄ፣ ክፉ አታውሪ።» ሐኪም ቤት ካርድ ለማውጣት ነገ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 18

ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ። ጭምቱን ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ እኔ ጭን ላይ አስቀመጡት። እኔ የሰማሁትን ድምፅ ሁሉ እሱ አልሰማም። በኋላ ተኝቶ ራሱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው እንደገና አዩት።

«ሁለቱም ጆሮ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከተወለደ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም። ማዳመጫ መሣሪያ እንሞክርለታለን፤ ግን ብዙ ተስፋ ብሰጣችሁ ዋሸሁ ማለት ነው።»

ባሌ ኮፍያውን እጁ ላይ ያሽከረክራል። «ታዲያ እስካሁን እንዴት አላወቅንም?» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«ቀን ቀን ከማን ጋር ነው የሚውለው?»

«ከእናቴና ከእህቱ ጋር።»

«እህቱ ስትፈልገው ምን ታደርጋለች?»

ትመታዋለች። ትከሻውን ትመታዋለች። ያ ጥፊ መጥሪያው ኖሯል! ሌላ መንገድ እንደሌለው ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ጥግ አስቆማታለሁ።

እቤት ስንደርስ ተንበርክኬ አቀፍኳት። «ሁለተኛ አልቆጣሽም» አልኳት። «ኬክ አለ?» አለችኝ።

ጥቅምት 19

ጭምቱን ሳስተኛው እዘምርለታለሁ። ሁልጊዜ መዳፉን ጉሮሮዬ ላይ ይጭናል። «ተው፣ ታንቀኛለህ» እያልኩ እጁን አነሳው ነበር።

ጥቅምት 21

መጋቢው ከስብከቱ በኋላ ወደ መድረክ ጠሩን። ክፋት የላቸውም፤ እንባቸው ቀድሞ ነበር የወረደው። «ቤተሰባችን ነው፤ አብረን እንጸልይ» አሉ። ሕዝቡ መድረኩ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ደህና ነበር... በኋላ ግን አንዱ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ «ተከፈት!» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ ቀጠለች። በላይ በላዩ እጅ። ልጄ የሚያየው የተከፈተ አፍና የተገታተረ አንገት ብቻ ነው። ምን ያጠፋ መስሎት ይሆን? ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ያን ድምፁን አወጣ... እኔ እንኳ ሰምቼው የማላውቀውን። ከጀርባዬ አንዲት ሴት «ከወላጆቹ የማን ኃጢአት ይሆን?» ስትል ሰማሁ። እኔ እሰማለሁ አይደል።

ነጥቄ ይዤው ወጣሁ። መዘምራኑ መሪ አጡ። ባሌ መድረኩ ላይ ቀረ።

ቤት እንደገባ፣
«ሕዝቡን ጥለሽ ወጣሽ» አለኝ።
«ሲጮሁበት ቆመህ አየህ!»
«እየጸለዩ እኮ ነው!»
«እሱ ይህን በምን ያውቃል?»

እስከ ምሽት ሳንነጋገር ዋልን። ይገርማል፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰሙት ሁሉ ተደናቁረው፣ የማይሰማው ከአንዳችን ወደ አንዳችን እየሄደ ፊታችንን ይዳስሳል።

ጥቅምት 23

የባሌ የዕረፍት ቀን። ለምሳ ብቅ ብዬ ጉድ አየሁ! ጆሮዎቹን በጥጥ ጠቅጥቆ፣ በላዩ የክረምት ኮፍያ ደፍቶ፣ ከጭምቱ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሬዲዮ ፊቱ ላይ ትለፈልፋለች፤ «አባዬ ደንቁሯል!» ትላለች።

ጥጡን አወጣና «ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለኝ። «በር ተንኳኩቶ አልሰማሁም። እናቴ ከኋላ መጥታ ስትነካኝ ልቤ ልትወጣ ነበር። ሁሌ እንዲህ እየደነገጠ ነው የሚኖረው?» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። አሥር ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ አላየሁትም። ኮፍያውን አወለቅኩለት።

ኅዳር 8

ማዳመጫው ብዙም አልረዳውም፤ ሐኪሙ ወደላከን ትምህርት ቤት ሄድን። አስተማሪዋ ራሷ አትሰማም፤ አጠገቧ የቆመች ልጅ የእጇን ንግግር ለኛ በቃል ትመልሳለች። ጭምቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። አስተማሪዋ የእንጨቱን ወለል በእግሯ ድም! አደረገችው። ዞረ!! እኛ በስሙ ጮኸን ያቃተንን እሷ በእግሯ ጠራችው።

ብዙ አላወራችም። «ፊት ለፊቱ ሳትደርሱ አትናገሩ። ሁለተኛ፣ እህቱንም አምጧት።» ባሌ «ማውራት ይችል ይሆን?» ብሎ ጠየቃት። ሳቀች። እጆቿን ዘርግታ አንድ ነገር አለች። አስተርጓሚዋ ቀላ አለችና፣ «እኔ ዝም ያልኩ እመስላለሁ? ነው የምትለው» አለች።

ኅዳር 17

ሬዲዮ በእጅም ሬዲዮ ሆነች! አሁን እየበላች ማውራት ትችላለች፣ ማን ይከለክላታል። እኔና አባቷ ግን ጣታችን እንጨት ነው። «ዳቦ» ያልኩ መስሎኝ ሌላ ነገር ብዬ አስተማሪዋ ሳቅ ገደላት። ምን እንዳልኩ እስካሁን አልነገሩኝም።

አማቴ ግን ተቀየሙ። «የልጅ ልጄን እንደ ለማኝ እጁን እንዲያወናጭፍ ታደርጉታላችሁ?» ብለው ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ባሌ እህት ሄዱ። ከአሁን በኋላ ልጆቹን ማን ሊይዝልኝ ነው?

ታኅሣሥ 2

የመዘምራን መሪነቱን አስረከብኩ። መጋቢው «እህቴ፣ ጸጋሽን ልትቀብሪ ነው?» አሉኝ። «አይደለም መጋቢ፤ እኔ ስዘምር ልጄ ጀርባዬን ነው የሚያየው። ለጊዜው ፊቴን ልስጠው» አልኳቸው። «ያን ዕለት... አስደነገጥነው፣ አይደል?» አሉ። መጋቢ እንዲህ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ አልጠበቅኩም። አዎ አልኳቸው።

ባሌም ከሠርግ ኮሚቴና ከግንባታ ኮሚቴ ወጣ። ለራሱ ያስቀረው የስብከት ተራውን ብቻ ነው። ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጥር 6

ተዓምር! አማቴ ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳስገባ ሳያስቡት ነው የያዝኳቸው... መስታወት ፊት ቆመው፣ ጣቶቻቸውን በሌላኛው እጃቸው እያስተካከሉ፣ «ና፣ ብላ፣ ና፣ ብላ» ይላሉ በእጃቸው። ሲያዩኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። «ቁርጥማት ነው» አሉ። «አዎ እማማ፣ ብርዱ ነው» አልኳቸው። ማን አስተማራቸው? ሬዲዮ ናታ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ይወስድላቸው ነበር።

የካቲት 13

አሁን ቤት ገባን። ልጆቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኝተዋል። ሳልተኛ ልጻፈው።

የባሌ የስብከት ተራ ነበር። አልቶዋ ናት አሁን የምትመራው፤ ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትንቀረፈፋለች እንጂ። እኔ ከልጆቹና ከአማቴ ጋር መሐል ላይ ተቀምጫለሁ። ባሌ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ሰንብቷል፤ ሲሰብክ የሚያውቃትን ቃል ሁሉ በእጁም ይላታል። የሚያውቃቸው ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ እጁ አንዴ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ይተኛል። አንዳንዱ ሰው ቅር ብሎት አጠገቡ ያለውን ይጎነትላል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አፍሬ ነበር።

ስለ ሕይወት ውሃ ነው የሚሰብከው። «ውሃ» ባለ ቁጥር ጣቶቹ አገጩ ጋ ይሄዳሉ። ጭምቱ ጭኔ ላይ ሆኖ በቁልፌ ይጫወታል። ቀና አለ። አባቱን አየ። «የተጠማ ሁሉ ወደ ውሃ ይምጣ» አለ ባሌ፤ እጁ እንደገና አገጩ ጋ ሄደ። ጭምቱ ከጭኔ ወረደ። ወደ እህቱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ከቦርሳዬ ውስጥ ሰማያዊውን የውሃ ኩባያውን አወጣና በመሐለኛው መንገድ ወደ ፊት ሄደ።

ልይዘው እጄን ሰነዘርኩ። አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ተዪው!» አሉ።

የመድረኩን ደረጃ በጉልበቱ ወጣው። ኩባያውን ወደ አባቱ ዘረጋ። ባሌ «ምን... ሂድ ወደ እናትህ» ሊል ጀመረና ቆመ። ጭምቱ ነጻ እጁን አገጩ ጋ አደረገ፤ ውሃ። ጠይቀኸኝ አልነበር? የሚል ፊት።

ከዚያ ሁሉ ርቀት! ማንም ትከሻውን ሳይነካው፣ ማንም ወለል ሳይደበድብለት... አባቱ ተናግሮ ልጄ ሰማው። አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። መጋቢው ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል፤ ለምን እንደቆሙ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም።

ባሌ ተንበረከከ። ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ሲውጥ በማይክሮፎኑ ተሰማ። ያኔ ሬዲዮ ወንበሯ ላይ ቆመች። «አባዬ! የኔንም!» ብላ ጮኸች፤ ኩባያዋን እያንጠባጠበች ሮጠች። ሕዝቡ በሳቅና በለቅሶ መሐል ተናጠ።

ባሌ ሁለቱንም ኩባያ ጨረሰ። ስብከቱን ግን አልጨረሰውም።