የአያ ደሴ ጠርሙስ

ረቡዕ፣ ኅዳር 1

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ አፉን ሞልቶ ነው የነገረን። ለሳል አዲስ መድኃኒት ሊሞክር ከጎንደር ወረታ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ፣ ሳል ያደከመንን ሰዎች ሰበሰበና፣ «ግማሻችሁ መድኃኒቱን ትወስዳላችሁ፣ ግማሻችሁ ጣፋጭ ውሃ። የቱ ለማን እንደደረሰ አሁን እኔም አላውቅ» አለ። ፈቃዳችንን ጠየቀ። እሺ አልን።

እሺ ያልኩት የደብራችን ገበዝ «ሳልዎ እስከ ሚካኤል ካልተወዎ ሌላ ቄስ ይግባ» ስላሉኝ ነው። ከፋሲካ ወዲህ መቅደስ አልገባሁም። ዕጣኑ ሲነካኝ ሳሉ ይነሣና ቅዱስ ሥጋው ያለበት ጻሕል በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ አለቅስ ነበር። አሁን ምንም አይመስለኝም።

«ጧት ማታ አንድ አንድ ማንኪያ» ብሎናል። ረቡዕ ጾም መሆኑን ማን ይንገረው! ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጠጣሁ። ይጣፍጣል።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

አያ ደሴ መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ የንስሐ ልጄም ነው። ከከብቶቹ ጋር በኩበት ጭስ እያደረ ደረቱ ተበላሽቷል። ሳሉ እስኪተወው እንዳይቆርብ የከለከልኩት እኔው ነኝ። እሱም ከሐኪሙ ጠርሙስ ደርሶታል፣ ይዞት መጥቷል።

«መምሬ፣ የእኔ መድኃኒት ሆኖ የእርስዎ ውሃ ቢሆንስ? ነፍስ አባቴ ውሃ እየጠጡ እኔ ልድን? ምን ነውር ነው!» አለ። መልስ ሳልሰጠው ሁለቱንም ጠርሙስ ቅል ውስጥ ገለበጣቸው። በጣቱ አማሰለው፣ ኧረ እባክህ! ከዚያ በየጠርሙሱ መልሶ ሞላ። «አሁን እኩል ነን።»

ሐኪሙ ይቆጣል አልኩት። «በምን ያውቃል?» አለኝ። ተውኩት። ለመከራከር አቅም የለኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ሳሉ ቀለል ብሏል። ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። «ዛሬ ውዳሴ ማርያሙን ሳያቋርጡ ጨረሱ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አጥር ስጠግን ዋልኩ። ጓያው ማበብ ጀምሯል። ሌላ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ወረታ ሄድን። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «ጥሩ ነው» ከማለቱ አያ ደሴ ማን ጠየቀው? «ጌታዬ፣ እኛማ ቀላቅለን እኩል ተካፍለናል!» አለ፣ ሊመሰገን።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። መቆጣት እንኳ አቃተው። «ከእንግዲህ ከሁለታችሁ ምንም ላውቅ አልችልም» ብሎ ከሙከራው አስወጣን። የተረፈውንም መልሱ አለ። የእኔን አስረከብኩ። አያ ደሴ ባዶ ጠርሙስ አወጣ።

ስንመለስ «እንዴት ቶሎ ጨረስከው?» ስለው «ጣፈጠኛ!» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ጠላሁት። አፉን ቢይዝ ለሚካኤል እደርስ ነበር። የመንገዱን ጭቃ ጥዬው ቀድሜ ተሻገርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ከትናንት ጀምሮ ሳሉ ጉሮሮዬን ይቧጥጠኛል። ዛሬ ጧት ለገበዙ «ሌላ ቄስ ይፈለግ» ብዬ ልልክ ስል አያ ደሴ ትንሽ ቅል ይዞ ገባ። አሸተትኩት። ያው ጣፋጩ ነው።

የራሱ ድርሻ። ከተካፈልን ወዲህ አንዲት ማንኪያ አልቀመሰም። የእኔ ሲያልቅ ሊሰጠኝ በቅሉ ሲያጠራቅም ነበር።

«እኔ ስስል ላሞቹ አይቆጡኝ» አለ። «እርስዎ ግን ይቀድሱልን። በሉ ቀትር ሳይደርስ ይጠጡት፣ ከዚያ ወዲያ ለቅዳሴው ምንም አይቀምሱም።»

ልቆጣው ብዬ ቅሉን ተቀበልኩት። አንድ ማንኪያ ጠጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ገባሁ። ዕጣኑ ተነሣ። ሳሉን ጠበቅኩት፣ አልመጣም። መድኃኒቱ ይሁን፣ ውሃው ይሁን፣ ሚካኤል ይሁን፣ እንጃ። ቅዳሴው ለቁርባን ደረሰ።

ልናቆርብ ስንወጣ ሕዝቡ ጸጥ አለ። ከቅጥሩ በር በኩል ሳል ተሰማ። ከሺህ ሳል መካከል አውቀዋለሁ። ወደ ውስጥ አልተጠጋም፣ ከልክዬዋለሁና። ጻሕሉ በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ እኔ ግን አልሳልኩም። ስንት ወር ደርቆ የከረመ ዓይኔ እዚያው ሕዝብ ፊት አነባ።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቅሉን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። አጠገቡ ቆሜ አጠጣሁት፤ እያጉረመረመ ጠጣ። ትንሽ ነው የቀረው። ነገ ወረታ እሄዳለሁ። የሐኪሙ እግር ላይ ወድቄም ቢሆን ለደሴ ሌላ ጠርሙስ እለምናለሁ። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።