የላክሁልሽ ሰማያዊ በርሜል

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ልጅሽ አልአዛርስ እንዴት አደረ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ የጅቡቲ ሙቀት እስካሁን አላቀለጠኝም። መጀመሪያ ግን ፖስታውን ገልብጠሽ እይው፤ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ማንም አልጻፈልኝም። በማታው ትምህርት ከሠላሳ ሰው አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አስተማሪያችን ሁለተኛ ነህ ትላለች፤ አንደኛዋ ሴትዮ ግን ድሮ ትንሽ ተምራ ስለነበር አትቆጠርም። አሁን በሰፈሬ በካርቲየ ሦስት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ከእኔ አያመልጥም። ፈረንሳይኛውን ለባለቤቶቹ ትቼላቸዋለሁ።

ትናንት በስልክ "የበርሜሉን ውሃ ድፊ፣ ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ምክንያቱን ጽፌ እልካለሁ" ብዬ የዘጋሁብሽ ድምፄ እምቢ ስላለኝ ነው።

ትናንት ጠዋት ወደ አገር ቤት የሚጫኑ ሰማያዊ በርሜሎች መጋዘናችን ገቡ፤ ለፋሲካ የላክሁልሽ ዓይነት። የአማርኛ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ጓደኞቼን ሰብስቤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ፊደል እየለቀምኩ ስለነበር ትርጉሙ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። "የሰብል ተባይ ማጥፊያ መርዝ። ባዶውን ዕቃ ለውሃም ሆነ ለምግብ ማስቀመጫ አትጠቀሙ።" አጨበጨቡልኝ። ቀጠልኩ። "የተመረዘ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል።" እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። ከሾፌሮቻችን አማርኛ የለመደው አለቃችን ኢስማኤል "ምነው ፕሮፌሰር፣ ፊደል አለቀብህ?" አለኝ። አላለቀብኝም። አልአዛርን ነው ያነበብኩት።

እታለሜ፣ ጠበሉ ቦታ ስትከርሙ ይሻለዋል፣ ቤት ስትመለሱ ይነሳበታል ትይኝ ነበር። ቤት ያመጣችሁትን ጠበል የምታጠራቅሙት እኔ በላክሁት በርሜል ነው።

ኢስማኤል ያኔም ነግሮኝ ነበር። "ይሄ ተበስቶ ይጣላል እንጂ ቤት አይገባም" ሲለኝ፣ "ለሚስትህ ፈልገኸው ነው" ብዬ ሰው አሳቅሁበት። በአንቺ በርሜል ላይም ወረቀት ነበር። ውበቱን ይሸፍናል ብዬ በቢላ የፋቅሁት እኔ ነኝ። በሰፈሩ እንዲህ ያለ በርሜል ያለሽ አንቺ ብቻ እንድትሆኚ ፈልጌ ነበር፤ ሆንሽም።

ከዚህ ጋር ያለውን ሁለተኛ ወረቀት ለጤና ጣቢያው ሐኪም ስጪው። የመርዙን ስም ገልብጫለሁ። የፈረንጁን ፊደል ባላውቀውም አንድ በአንድ ስዬዋለሁ፣ ሦስት ጊዜም አመሳክሬዋለሁ። ማን ጻፈው ካለሽ ወንድሜ በይው፣ አትፈሪ። በርሜሉን በስታችሁ ከጉድጓድ ውሃ ርቃችሁ ቅበሩት። ማንም ቢለምንሽ እንዳትሰጪ።

ከዚያ እትዬ ጽጌሬዳ ቤት ሂጂ። ልጁን በላችው ብለን ደጃችንን ዘግተንባታል፤ እኔም ከዚህ ሆኜ "እንዳታስገቢያት" ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ ፊት ለፊቷ አንብቢላት። ልጁን የበላው የእኔ በርሜል ነው። ብትሰድበኝ ዝም ብለሽ ስሚልኝ።

ሐኪሙ ዘንድ ሳለሽም አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከእንዲህ ያለ በርሜል ከዓመት በላይ የጠጣ ትልቅ ሰው፣ የእግሩ ጣቶች የሚደነዝዙበት፣ ምን ይሻለዋል? ለአንድ የማውቀው ሰው ነው። መልከ መልካም ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ማንበብም በቅርቡ ለምዷል። መልሱን በጽሑፍ ላኪለት፤ ራሱ ያነበዋል።

ደብዳቤውን ወለንጪቲ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ደምመላሽ ነው። ከመኪናው ሳይወርድ ውሃ አጠጪው፤ ከእንስራው።

ለአልአዛር ምሕረቱን ያውርድለት። የአንቺን ዕንባ ያብስልሽ። የእትዬ ጽጌሬዳንም ልብ ያራራልን።

በጣቱ ሳይሆን በብዕሩ የፈረመው
ታናሽ ወንድምሽ