አምስት ኩባያና አንድ ቆርኪ

ማክሰኞ

አልሠራውም አልኳት። አልሠራውም! የባሌ እህት ሌንሳ ግን ስልኩን አልዘጋ አለች። "እትዬ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ወንድሜ ያለ እንዲመስለኝ።" እሑድ ገና የተሞሸረች ልጅ ስታለቅስ ምን ይባላል? አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁ። የሚታሰብበት ነገር ግን የለውም።

ምስጢሩን ስለማታውቅ ነው የምትለምነኝ። ክርስትና ሆነ፣ ምርቃት ሆነ፣ ልደት ሆነ፣ ደረጀና እኔ የምንሠራት አንዲት ጨዋታ ነበረችን። አምስት ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ይደፋል። እኔ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ከእንግዶቹ አንዱ ከኩባያዎቹ ባንዱ ሥር ቆርኪ ይደብቃል። እኔ ተመልሼ፣ እንደ ባለውቃቢ ትንሽ ተንቀጥቅጬ፣ ቆርኪው ያለበትን ኩባያ ላጥ! ሰው ጉድ ይላል። ባሌ ጥግ ላይ ቢራውን ይዞ ጣራ ጣራውን ያያል፣ ምንም የማያውቅ መስሎ። አስማቱ እሱ ነዋ። እጁ ራሱ ላይ ከሆነ አንደኛው፣ ጆሮው ላይ ሁለተኛው፣ አገጩ ላይ ሦስተኛው፣ ደረቱ ላይ አራተኛው፣ ጉልበቱ ላይ አምስተኛው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለማንም ተንፍሰን አናውቅም።

ጉደር መውረጃው ላይ ሚኒባሱ ተገልብጦ ደረጀ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አሁን ወጥቼ ብገባ ማን ይነግረኛል?

ረቡዕ

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ዝውውሬ ተፈቅዷል። ደሴ፣ እናቴ ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ። "እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ" አለ። እልል የምል መስሎኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ግን ምን ያስቀረኛል? አምቦ ያመጣኝ የባንክ ሥራ ነው፤ ያስቀረኝ ደረጀ። ልጅ አልወለድን። ከዘመዶቹ ጋር የሚያገናኘኝ እሱ ነበር። እጃጂ ያሉትን እናቱን እኔም እንደ ልጆቻቸው "ሃርሜ" እላቸዋለሁ፤ አፌ እንጂ ልቤ ተደላድሎ አያውቅም። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ደግ ቃልም አልወጣቸውም። "ፈያ ነሽ?" "ፈያ ነኝ፣ ሃርሜ።" ከሰላምታ አያልፍም።

ጨዋታችንንም አይወዱልንም ነበር። ኩባያዎቹ ሲደረደሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ውልቅ! ሁልጊዜ። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው አላዩም። ልጄን ጠንቋይ አደረገችብኝ ሳይሉ አይቀሩም። ደረጀን ስጨቀጭቀው "ተያት ባክሽ" ብሎ ይስቃል።

እንግዲህ ቅዳሜ የሌንሳ መልስ ላይ እገኛለሁ፣ እሑድ ለሃርሜ መሄዴን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለነሱ ምንም አይደለሁም።

ሐሙስ

ተሸነፍኩ። ለሌንሳ እሺ አልኳት፤ ግን ኩባያውን ሳይሆን ሌላ ሌላ ነገር። ከሥራ ስመለስ ተለማመድኩ፦

ፊኛ። ፕላስተር ለጥፈው በሱ ላይ በመርፌ ቢወጉት አይፈነዳም ይላሉ። ፈነዳ። የጎረቤት ውሻ እስካሁን ይጮኻል።

ክብሪት። መሀረቡ ጠርዝ ውስጥ ቀድሞ አንድ እንጨት መደበቅ፣ እሱን በሰው ፊት ቀጭ አድርጎ ሌላውን "ይኸው ዳነ!" ብሎ ማውጣት። እኔ የሚድነውን ሰበርኩት።

ዘቢብ። አምቦ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ጥቂት ዘቢብ ጣል ማድረግ። ይኼ ሠራ! ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ረገዳ የሚረግጥ ነው የሚመስለው። ሳቄ መጣ። "ደረጀ፣ ና እየው" ልል አፌን ከፈትኩ።

ከፍቼ ቀረሁ። ዘቢቡ እስኪደክመው ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁት። አይ አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግኩህ?

ዓርብ

ክብሪቱ እጄ ገባ። ፊኛውን ትቼዋለሁ።

ኩባያዎቹን ከቁምሳጥን አወጣኋቸው። ቀለማቸው የተላጠ የቆርቆሮ ኩባያዎች ናቸው፤ ስንጋባ ደረጀ ከእጃጂ ይዟቸው የመጣ። የእናቱ ቤት ዕቃ ናቸው፣ ለእናቱ ይመለሱ። ደሴ ወስጄ ምን ላደርጋቸው? ሻይ ልጠጣባቸው? ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ስጠቀልላቸው ሬሳ የምገንዝ ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ፣ እጃጂ

ጥግ ይዤ እየጻፍኩ ነው።

ዘቢቡ ተወደደ፤ ሕፃናቱ ብርጭቆውን ከበው አብረው ረገጡ። ክብሪቱም ዳነ። ተመስገን፣ ተገላገልኩ ብዬ ልቀመጥ ስል የሙሽራው አጎት ኦቦ ቶሎሳ "ኧረ የኩባያው የታለ? ዝናውን ሰምተን አይደል እንዴ የመጣነው!" አሉ። ሌንሳ፣ ያቺ የማታርፍ፣ ለካ ቦርሳዬን በርብራ ኖሯል። ዞር ስል አምስቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ምን ልበል?

ሃርሜን አየሁ። አሁን ይነሳሉ አልኩ። ነጠላቸውን ሰበሰቡ። አልተነሱም።

ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ "መድኃኔዓለም፣ በደረጀ ቤት አታዋርደኝ" አልኩ። በግምት ከማንሳት በቀር ሌላ ምን አለኝ? እውነቱን ለመናገር በጓሮ በር ሹልክ ብዬ መናኸሪያ ለመሄድም አስቤ ነበር። "ግቢ!" ብለው ጮኹ።

ገባሁ። ዓይኔ በልማዱ ደረጀን ፈለገ። ሞኝ ዓይን! ሰው ሁሉ ኩባያ ኩባያውን ያያል። ሃርሜ ብቻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ልጃቸው ትዝ ብሏቸው ነው፣ ሊያለቅሱ ነው አልኩ። በለቅሶው ጊዜ ያን ደረት ሲመቱት አይቻለሁ። አሁን ግን አይመቱም። እጃቸው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ዓይናቸው ጣራ ጣራውን ያያል፣ ምንም የማያውቁ መስለው።

ደረት። አራተኛው።

አነሳሁት። ቆርኪው!

እልልታው ቀለጠ። ኦቦ ቶሎሳ አላመኑም፤ "ድገሚው፣ አሁን ራሴ ነኝ የምደብቀው" አሉ። ወጥቼ ገባሁ። ሃርሜ ጆሯቸውን እያከኩ ነው። ሁለተኛው። ቆርኪው! ከዚያ በኋላ አልቻልኩም፤ ሰው ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እንግዳው "አስማቱ አድክሟት ነው፣ ውሃ ስጧት" ይላል። ሌንሳ አቀፈችኝ፤ እሷም ምንም አልገባት።

ሃርሜን ላናግር ብል ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። እዚሁ አድራለሁ።

እሑድ

ጠዋት ድስት እያጠብን ጠየቅኳቸው። "ሃርሜ፣ ማን ነገረዎት?"

"ማን ለማን ይነግራል?" አሉ፣ ድስቱን ሳይለቁ።

ለካ ጨዋታው የሳቸው ነው! ደረጀ ልጅ ሳለ አባቱ እንግዳ ሲያመጡ ከቤት ወጪው እሱ፣ በምልክት ነጋሪዋ እሳቸው ነበሩ። ራስ፣ ጆሮ፣ አገጭ፣ ደረት፣ ጉልበት፣ ሁሉንም ያወጡት እሳቸው። "አንቺን ሲያገባ እሱ ነጋሪ ሆነ፣ እኔ ሥራ ፈታሁ" አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ቁርጥ የሱን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አላውቅም ነበር።

ታዲያ ለምን ይወጡ ነበር አልኳቸው።

"እጄ ነዋ፣ አላርፍ እያለኝ! እሱ ጆሮውን ሲይዝ የኔም ብድግ ይላል። ሰው ቢያይብን ትዋረዳላችሁ።"

ለምን አልነገረኝም ስል ድስቱን አስቀመጡት። "አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ። የሁለታችሁ ብቻ ይሁን ብዬ።"

ስንት ድግስ ላይ ከበር ውጭ ብርድ እየመታቸው እጃቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔ ውስጥ ሆኜ ይጨበጨብልኛል። አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ደረጀ ከተቀበረ ወዲህ አብረን ስናለቅስ ይኼ የመጀመሪያችን ነው፤ እስካሁን እሳቸው በወገናቸው፣ እኔ በወገኔ ነበርን።

ዝውውሩን ነገርኳቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "እናትሽ አሉልሽ። እናት ልጇን ትናፍቃለች" አሉ። ቅሪ አላሉኝም። እኔም ቅሪ በሉኝ ማለት አፍሬ ቀረሁ።

ልወጣ ስል ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ኩባያዎቹን መልሼ ልወስዳቸው ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሃርሜ ከእጄ ተቀበሉኝና መደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ ደፏቸው። "እዚህ ይቀመጡ" አሉ። "ነጋሪዋ እዚህ ናት። ወጪዋ ከየትም ትምጣ።"

አሁን አምቦ ቤቴ ነኝ። ጉደር ጋ ስንደርስ እንደ ሌላው ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ቦታውን አየሁት። ነገ ለሥራ አስኪያጁ ምን እንደምል እግዜር ይወቀው። ከደሴም ልነሳ ከአምቦ፣ ለፋሲካ ግን እጃጂ ነኝ።