የሚያውቁኝ ሁለት ሰዎች

ለተከበሩ የነዋሪዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎና ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሦስት ወር ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ በሩን ብቻ ያየሁት ቢሮዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልለቅ ካለኝ ጉንፋን በቀር ደህና ነኝ።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደዚህ ትልቅ ከተማ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት የመድኃኒት መግለጫዎች ፊደል አራሚ አድርጎ ስለቀጠረኝ፣ ቀኑን ሙሉ «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» የሚለውን ሳነብ እውላለሁ። ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የነዋሪነት መታወቂያ አምጪ ተብዬ ወደ ደጅዎ ስመጣ፣ የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛዎ ቅጹን አገላብጣ «የሚያውቁሽ ሁለት የሰፈሩ ነዋሪዎች አምጪ» አለችኝ። ምስጋናዬም ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፩. በቅድሚያ፣ የሚያውቀኝ ሰው እንደሌለ በይፋ ስላሳወቃችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራ የበዛብኝ ይመስለኝ ነበር። ከቢሮዎ ወጥቼ የማውቃቸውን በጣቴ ስቆጥር፣ የሥራ ባልደረቦቼ ከከተማው ሌላ ዳርቻ የሚመጡ ናቸው፤ ባለሱቁ «የኔ እህት» ይለኛል፣ ግን እንዲህ የማይላት ሴት የለችም። እናቴ ደውላ «ጓደኛ አፈራሽ ወይ?» ስትለኝ «ሞልተውኛል» ብያት ነበር። ክቡርነትዎ ይህን ውሸቴን በአንድ ገጽ ቅጽ አጋለጡት።

፪. የሕንጻችን ጥበቃ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ኮታቸውን አስተኩሰው ሊመሰክሩልኝ መጡ፤ መታወቂያቸው የሌላ ሰፈር ስለሆነ ተመለሱ። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ያሉኝ እሳቸው ብቻ መሆናቸው የሚሞላበት ቦታ በቅጹ ላይ ስለሌለ አልተሞላም።

፫. ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። አማራጭ ሳጣ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩትን ጡረተኛ ልብስ ሰፊ እናት በር አንኳኳሁ። የስፌት መኪናቸውን ድምፅ እንጂ መልካቸውን እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። ጉዳዬን ስነግራቸው «አውቅሻለሁ እንጂ፣ ልጄ! ስታስዪ አይደል እንዴ የከረምሽው? ሰው ይኖራት ይሆን እያልኩ ሳዳምጥሽ ነበር» አሉኝ። በማግስቱ ጉልበታቸውን እያሻሹ አብረውኝ መጡ።

ሠራተኛዎ «እማማ፣ ይህቺን ልጅ ያውቋታል?» አለቻቸው።

«አሳምሬ!»

«ስሟስ ማነው?»

ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አየኋቸው። ስሜን ነግሬያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

ደረጃውን ስንወርድ እማማ ክንዴን ይዘው «በይ ንገሪኝ፤ ነውሩ የኔ ነው» አሉ። ነገርኳቸው። እንዳልረሳው እያሉ እስከ ቤታችን ድረስ ስሜን እየደጋገሙ ጠሩት። መንገደኛው ዞር እያለ ያየናል፤ እኔ ግን በጠሩኝ ቁጥር «አቤት» እላለሁ። በዚህ ከተማ ስሜ ያለ ጉዳይ ሲጠራ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። በሳምንቱ ተመልሰን ስሜን ከነአያቴ ስም አንበለበሉት፤ ሠራተኛዎም ሳትወድ በግዷ ፈረመች። አንድ ምስክር ተሟላ።

፬. አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ነገር ግን እማማ ሾርባው ቀዘቀዘ እያሉ በሩን ስለሚደበድቡ ትቼዋለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ቅልጥፍና ያለኝን ወሰን የለሽ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ስብሰባዎ በሰላም ተጀምሮ አንድ ቀን በሰላም እንዲያልቅ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
እስካሁን በግማሽ የታወቀችው ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ሁለተኛ ምስክር አልተገኘም፤ የሙከራ ጊዜዬ ግን በዚህ ወር ያበቃል። እርስዎ የዚህ ሰፈር ነዋሪ መሆንዎን ስለሰማሁ፣ መጥተው እንዲመሰክሩልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። አይጨነቁ፣ የሚጠየቁት ስሜን ብቻ ነው፤ እስካሁን ባስገባኋቸው አሥራ አንድ ማመልከቻዎች ላይ ሁሉ በጉልህ ተጽፏል። አንዱን እንኳ አንብበው ከሆነ ያልፋሉ።