«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ላሉን ለአቶ ኸድር

ለተከበሩ አቶ ኸድር
በጅዳ የቤት ሠራተኞች አስቀጣሪ መክተብ (ቢሮ)፣ የሐበሾች ጉዳይ ወኪል
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎንም ጉልበትዎንም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ እኛ ሲናገር ውሎ የሚያመሸውን ምላስዎን አላህ ያበርታልዎ። እኔ ሀጂራ እባላለሁ፤ መካ፣ ዓዚዚያ ውስጥ ለሐጅ የሚመጡ ሰዎች ማረፊያ አጸዳለሁ፤ እርስዎ ግን የሚያውቁኝ የሚስከር ታላቅ እኅት፣ ስልክ መደወል የማይሰለቻት ሴት በመሆኔ ነው። ስልኬን ማንሣት ከተዉ ወዲህ በከንቱ ላላደክምዎ ስል ይህን ደብዳቤ የመክተቡ ልጆች ሁሉ በሚያነቡት የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለማስቀመጥ ተገድጃለሁና ድፍረቴን አፉ ይበሉኝ።

ባለፈው ጁምዓ በዚሁ ግሩፕ ላይ የእኅቴን ፎቶ ለጥፈው ከአገር ቤት ለሚመጡት ልጆች በድምፅዎ የሰጡትን ምክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ሚስከርን እዩ፤ ዓመት ሙሉ እምቢ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ረፍት አትል፣ ስልክ አትል፣ ከማዳም ጋር ሙሽኪላ የላት፤ እሺ ይበልጣል ከሺህ ማለት ይሄ ነው፤ ያላ፣ እንደሷ ሁኑ» ብለዋል። የአሁኑ ውሏ ሲያልቅም ጣኢፍ ያለ ትልቅ ቤተሰብ ለሁለት ዓመት እንደሚወስዳት፣ እሷም በገዛ አንደበቷ እሺ እንዳለችዎ አብሥረውናል። እንዲህ ያለ ምስጋና ያለ መልስ ቢቀር ነውር ነውና የእኔንም ምስጋና በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጨዋነቷ ስለመሰከሩ አመሰግናለሁ። ይህችው ልጅ በመጣች በሦስተኛ ወሯ «ምላሰኛ ናት፣ አፏን ሰብስቢልኝ» ብለው የደወሉልኝ እርስዎ ነበሩና ምክርዎ የሠራ መስሎዎት ቢደሰቱ አይፈረድብዎትም። እውነትዎን ነበር፤ ሚስከር ከአገራችን ከሐይቅ ስትመጣ አፍ ነበራት። የጁምዓ ረፍቷን ተከራክራ ያስፈቀደች፣ የውሌን ኮፒ ካልሰጣችሁኝ ብላ መጥታ እርስዎ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ የማዳሟን ልጆች እንቆቅልሽ አስተምራ በዐረብ አንደበታቸው «ምን አውቅልሽ» ያሰኘች ልጅ ነበረች። እኔን ስትቆጣ የምትልከው የድምፅ መልእክት ከጁምዓ ኹጥባ ይረዝም ነበር። እነዚያን መልእክቶች አላጠፋኋቸውም፤ አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ እከፍታቸውና ስትሰድበኝ እሰማለሁ።

ሁለተኛ፤ በባሕራው ጉዳይ ስላሳዩት እርጋታ አመሰግናለሁ። አምና በብርዱ ጊዜ ቤተሰቡ ከጅዳ ወጣ ብሎ በባሕራ በኩል ወዳለው የማረፊያ ግቢው ሲሄድ ሚስከርን አስከትሏት ሄደ፤ መኝታዋም መስኮት በሌለው ማብሰያ ክፍል ውስጥ ሆነ፤ ሥጋ የተጠበሰበት ከሰልም እንዲያሞቃት ተብሎ ከነምድጃው አብሯት ገባ። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ራሷን ስታ አገኟት። ወደ ውጭ አወጧት፣ ውሃ ረጩባት፣ ነቃች፤ ቀትር ላይ ዕቃ ታጥብ ነበር። ሐኪም ቤት ትሂድ ብዬ ብማጸንዎ «ነቅታ የለም እንዴ፤ ኸላስ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ኸላስ ማለት አለቀ ማለት እንደሆነ ዐውቅ ነበር፤ ምኑ እንዳለቀ ግን የገባኝ ቆይቶ ነው።

ምክንያቱም ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ነበረች። እንዲያውም ደውላ፣ ሞቼ ነበር እኮ፣ አንቺ መቼም ለወጉ እንኳ አታለቅሺልኝም ብላ ስቃብኛለች። መጥፋት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ መደወል ተወች። እኔ ስደውል ታነሣለች፤ የጠየቅኳትን ትመልሳለች፤ ዝም ስል ዝም ትላለች። መስመሩ ሳይቋረጥ ከወዲያ ትንፋሿን ብቻ እየሰማሁ መቀመጥን ለጠላቴም አልመኝም፤ ከሞተ ሰው ጋር አወራሁ እንዳልል ትንፋሽ አለ፣ ከሚስከር ጋር አወራሁ እንዳልል ሚስከር የለችም።

ሦስተኛ፤ ለማዳሟ ስለሰጡት ምክር አመሰግናለሁ። ማዳም እንደ እርስዎ ልምድ የሌላት ሴት በመሆኗ ነገሩ አስፈርቷት ደውላልዎ ነበር፤ ልጅቷ እጠቢ ካላሏት አታጥብም፣ ሲያዟት ግን አንዲት ሳታጓድል ታጥባለች፤ ብዪ ካላሏት ምግቡ ፊቷ እንደቀረበ ይቀዘቅዛል፤ ተኚ ካላሏት ቆማ ታድራለች ብላ። እርስዎም የሐበሻ ሴት ዐይነ አፋር ናት፣ ዝም ብለሽ እዘዢያት አሏት። ማዳም አዘዘች። በነሐሴ አንድ ቀን፣ ልብስ ካሰጣች በኋላ እዚህ ተቀመጪ ብላት ሰገነቱ ላይ ትታት ገበያ ወጣች፤ ጥላው ሲሸሽ ሚስከር አልተነሣችም፤ ማዳም እስክትመለስ ድረስ የጅዳን ፀሐይ ተቀብላ ቁጭ አለች። ማዳም ደውላልኝ ስደርስ ፊቷም ክንዷም ተልጦ ነበር። አላመመሽም ወይ ስላት አመመኝ አለች፤ ታዲያ ለምን አልተነሣሽም ስላት አሰበች፣ ወላሂ ከልቧ አሰበች፣ ከዚያ «እንጃ» አለችኝ። እኔ ከቁስሉ ይልቅ ያን እንጃ ፈራሁት፤ እስከ ዛሬም እፈራዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ስቆጥር ቁጣዬ ይበርዳል፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ማዳም ደንግጣ በሾፌሯ ሐኪም ቤት ላከችን። እኔና ጓደኞቼማ ቀደም ሲል ጅን ነው ብለን ቁርኣን አስቀርተንባት፣ ዘምዘም አጠጥተናት ነበር፤ ጠጪ ስንላት ጠጣች። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። ጭንቅላቷን ፎቶ አስነሥቶ ከአንጎሏ ጥልቅ ቦታ፣ በግራም በቀኝም ያሉትን ሁለት ጠባሳዎች አሳየኝ፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ የሠራው ነው፤ ጉዳቱ አንዳንዴ ሰውየው ዳነ ከተባለ ከሳምንታት በኋላ ነው ብቅ የሚለው አለኝ። ሐዘን ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ያዘነ ሰው ይከፋዋል፣ ያለቅሳል፣ ራሱን ይወቅሳል፤ እሷ ግን አልከፋትም አለኝ። ስንፍናም አይደለም፤ ሰነፍ ሥራውን ይጠላል እንጂ ምሳውን አይረሳም። ጉልበቷም ዕውቀቷም በቦታው አለ፤ መኪናው ደህና ሆኖ ማስነሻው ነው የተቃጠለው፤ ሰው ሲገፋት ትሄዳለች፣ የሚገፋት ሲተዋት ትቆማለች አለኝ።

የሕመሙን ስም በዐረብኛ ጽፎ ሰጠኝ፤ ማንበብ የምትችለው ጓደኛዬ ራሕመት ወደ አማርኛ ስትመልሰው «ግዴለሽነት» ሆነ። በእኛ አገር ግዴለሽ ስድብ ነው፤ ሰው በግዴለሽነት እንደሚታመም የሰማሁት ያን ቀን ነው። በግዴለሽነት ታሞ ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ፣ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራበት ሰው እንዳለ ግን ከዚያም በፊት ዐውቅ ነበር፤ ቁጥሩም ስልኬ ውስጥ አለ።

ሐኪሙ ተስፋ አላስቆረጠኝም። ቤተሰቧ መካከል ከገባች፣ ቀኗን የሚያሰናዳላት ሰው ካገኘች፣ ሕክምናውንም ከተከታተለች ቀስ በቀስ ልትሻሻል ትችላለች፤ የማያውቋት ሰዎች ቤት ብቻዋን ከቆየች ግን ኃላፊነት አልወስድም አለ። ወረቀቱን ላክሁልዎ። ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ትሠራለች፣ ታዲያ ምኗ ነው የታመመው ብለው መለሱልኝ፤ ጊዜዎን ሰውተው ስለመለሱልኝም አመሰግናለሁ።

ባለፈው በረጀብ ወር እናታችን ሞተች። ሚስከር ጅዳ የመጣችው የእናታችንን ዐይን ላሳክም ብላ ነው፤ ከሁለታችን እናቷን አብልጣ የምትወደው እሷ ነበረች። የመርዶውን ወግ ጠብቄ፣ ሁለት ሴቶች አስከትዬ ሄጄ ነገርኳት። ሰማችኝ። «እሺ» አለችና ፎጣ ማጣጠፏን ቀጠለች፤ ተይ እስክላትም አላቆመችም። አልቅሺ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ብላት ታለቅስ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ተውኩት።

እንግዲህ አቶ ኸድር፣ ለጣኢፉ ውል እሺ ያለችዎት ይህች ናት። ትሄጃለሽ ወይ ብለው ድምፅዋን ቀድተው አስቀምጠዋል አሉ፤ ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። እንቅበርሽ ቢሏትም እሺ ትል ነበር፤ እርስዎ ግን ደግ ሰው ነዎትና አላሏትም። ጣኢፍ ደግሞ ብርድ አለ፤ ብርድ ባለበት ከሰል አይጠፋም። አሁን ማላገጡን ትቼ እንደ እኅት ልለምንዎ፤ ውሉን ይሰርዙልኝ፤ ወደ አገሯ የምትገባበትን ወረቀት ያስጨርሱልኝ። እናታችን ባትኖርም አክስቶቻችን ሐይቅ አሉ፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ከፀሐይ ተነሺ የሚላት ሰው አይጠፋም። ሌላ ምንም አልፈልግብዎትም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ልጆችዎንም የሚናገሩ፣ የሚቆጡ፣ አባታቸውን እምቢ የሚሉ ያድርግልዎ፤ እኔ ያጣሁትን በእርስዎ ቤት አያሳጣው።

ውለታዎን እስከ ቂያማ ቀን የማልረሳ፣
ጨዋነት ገና ያልያዘኝ፣
ሀጂራ፣ የሚስከር እኅት
መካ፣ ኩዳይ ካለው ቤቴ፣ በሻዕባን ወር

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ማዳም ደወለችና ነይ ውሰጃት፣ ልጆቼ ፈርተዋታል አለችኝ፤ ፓስፖርቷንም የመኖሪያ ፈቃዷን ኢቃማዋንም በእጄ ሰጠችኝ፤ ስለዚህ ጠፍታለች ብለው ሁሩብ ለማስመዝገብ እንዳይደክሙ። ፈቃዷን አልጠየቅኋትም፤ በዚህ ሥራ መምህሬ እርስዎ ነዎትና «ዝም ብለሽ እዘዢያት» እንዳሉት አደረግሁ። ተነሺ አልኳት፣ ተነሣች። ጫማሽን አድርጊ አልኳት፣ አደረገች። አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሻንጣዋም በር ላይ ነው። ወዴት እንደምወስዳት እስካሁን አልጠየቀችኝም።