«ሟ»ን መተርጎም

ስርጉትዬ፣

መተማ ዮሐንስ ላይ ሁለት ቻዳውያን ወንድማማቾች ተይዘዋል። ያደሩበት ቤት ባለቤት የእትዬ አሰፋች ስልክ ጠፍቷል። ፈረንሳይኛ ስለምችል አስተርጉሚ ተባልሁ። ታላቅየው «ሟ፣ አልወሰድሁም» አለ። «ሟ» በፈረንሳይኛ «እኔ» ማለት ናት፤ ለአጽንዖት የምትገባ ስለሆነች «እኔ አልወሰድሁም» ብዬ ተረጎምሁ።

እትዬ አሰፋች ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ «በቃ፣ ታናሹ ነዋ!» እናንተ ቤት «እኔ አልሰበርሁም» ስትይ እማማ ጸዳለ ወደ ወንድምሽ ወደ ደረበ እንደሚዞሩት ማለት ነው።

«እትዬ፣ በፈረንሳይኛ እንዲሁ ለልማድም ይባላል» ብላት፣ «አንቺ ደግሞ የማን ጠበቃ ነሽ?» አለችኝ።

እኔም ግን ያልሁትን አላመንሁትም፤ «ሟ» ሲል ታናሹን ሰረቅ አድርጎ አይቶታል።

ፖስትካርዱ ሞላ፤ እማማን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ነገ ጠዋት ታናሹ ለብቻው ይጠየቃል። እሱም «ሟ» ብሎ ከጀመረ፣ «እኔ» ልበል ወይስ ልተወው፣ ገና አልወሰንሁም።